ደረጀ የሠራው ኡራል

ባለፈው ሳምንት ከሳጉሬ እህል ጭኖ የመጣ አንድ አሮጌ ኡራል የጭነት መኪና አሰላ መሃል አስፋልቱ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ባጃጆቹ ከኋላው ተደርድረው ጡሩምባ ይነፋሉ። ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ግማሽ አካሉን ውስጥ ከቷል። ሥራ ረፍዶብኝ ነበር፤ ግን ቆምኩ። የፊት መብራቶቹን አቀማመጥ፣ ከጋቢናው ጀርባ ቀጥ ብሎ የታሰረውን ትርፍ ጎማ፣ መውጫ እርከኑን፣ አንዱንም ሳላስቀር አውቀዋለሁ። መኪና ነድቼ አላውቅም። ኡራልን ያወቅኩት በወንድሜ እጅ ነው።

ወንድሜ ደረጀ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም። ስለ እሱ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቀርቻለሁ። ሰው ስለ ወንድሙ ሲጽፍ ከየት ይጀምራል? ከሕመሙ መጀመር አልፈለግኩም። እንግዲህ ከዚያ ክረምት ልጀምር።

እሱ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ውጤት ይጠብቅ ነበር፤ እኔ ዘጠነኛ ልገባ ነበር። የአሰላን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጭላሎ ተራራ ደመናው ውስጥ ገብቶ ይሰነብታል። ግቢው፣ መንገዱ፣ የቤቱ ደፍ ሁሉ ጭቃ ነው። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ከብቅል ፋብሪካው በኩል የሞቀ ገብስ ሽታ ይመጣል፤ እኛም ሽታው ሲያስርበን ቆሎ እየቆረጠምን በረንዳ ላይ እንቀመጣለን።

አባታችን በደርግ ጊዜ የጦር ሠራዊት ሹፌር ነበሩ። ይህን የምናውቀው ከአንድ ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ ቀጭን ወጣት ሆነው የኡራል አፍንጫ ላይ እጃቸውን አሳርፈዋል። ፎቶ አንሺው ከጉልበታቸው በታች ቆርጧቸዋል፤ የቆሙበት መሬት አይታይም። ጦሩ ሲበተን በእግራቸው ተጉዘው አሰላ ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጠው አያውቁም። የእህል መጋዘን ጠባቂ ሆኑ። ስለዚያ ዘመን የጠየቃቸው ሰው አንድ መልስ ያገኛል። «አለፈ» ይሉታል። ኡራል በበራችን ሲያልፍ ግን የያዙትን ነገር ትተው ድምፁ እስኪጠፋ ያዳምጣሉ። ይህን ያስተዋለው ደረጀ ነው። እኔ እዚያው ቤት እየኖርኩ አላስተዋልኩም።

አንድ ቀን ካርቶን ዘርግቶ፣ ፎቶውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በማስመሪያ ሲለካ አገኘሁት።

«ሥራልኝ ብለውህ ነው?» አልኩት።

«አባባ? አባባ ጨው አቀብለኝ እንኳ ብለው ያውቃሉ?»

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል?»

«ስንጠይቃቸው አይነግሩንም። ሠርተን ፊታቸው እናስቀምጠው። አንድ ነገር ማለታቸው አይቀርም።»

«ምንም ባይሉስ?»

«ኡራል ይኖረናል።»

ክንድ የምታህል መኪና ነበረች። እንዴት እንደሠራት ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል። ካርቶኑን በኮላ እየደራረበ እንደ እንጨት አጠነከረው። ጎማዎቹን ከአሮጌ ሲሊፐር ቆረጠና ጥርሳቸውን በምላጭ አንድ በአንድ ቀረጸ። የፊት መብራቶቹ የኪኒን ማሸጊያ ፕላስቲክ ናቸው። የሸራው ማቆሚያ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ነው። ሸራው ደግሞ የእኔ የተቀደደ የዩኒፎርም ሱሪ ነው፤ በኮላ ውኃ ነክሮ ሲያደርቀው እውነተኛ ሸራ መሰለ። አንድ ነገር ካልተስማማው ያፈርሰዋል። አይበሳጭም፤ ያፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። እኔ እሱን ብሆን ግማሹን እሳት ውስጥ እጨምረው ነበር።

ለቀለሙ ቀጭን ብሩሽ አጣን። ደረጀ ባለ ጋሪው ገመዳ ዘንድ ይዞኝ ሄደና ከፈረሱ ጭራ ጥቂት ፀጉር ለመነው።

«ያ ኢጆሌ! እናንተ ልጆች፣ ጭራውን ነጭታችሁ ፈረሴን ዝንብ ይብላው?» አለ ገመዳ።

«ጥቂት ነው ጋሼ ገመዳ። መኪና ልንቀባበት ነው።»

«መኪና በፈረስ ጭራ? መኪና መጥቶ ሥራዬን ወሰደ፤ አሁን ደግሞ ጭራውን ፈለገ።» እየሳቀ በቢላ ቆረጠልን። ደረጀ ፀጉሩን በክር ጠቅልሎ እስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ሰካው። አረንጓዴ የዘይት ቀለም ላይ ቡናማ ጨምሮ፣ በቲነር አቅጥኖ፣ ስስ ስስ አድርጎ ደጋግሞ ቀባ።

መሬቱ የእኔ ድርሻ ነበር። ጣውላ ላይ መንገድ ሠራሁ፤ የግቢያችንን ጭቃ ከኮላ አቡክቼ አፈሰስኩ፣ የጎማ ዱካ አወጣሁበት፣ በዳር በኩል ከገብስ ገለባ ሣር ተከልኩ። ኡራሉን ጎማው እስኪሰምጥ አስገባነው። ደረጀ ጭቃውን በጥርስ ብሩሽ ጎኑ ላይ ረጨው። እኔ በጭቃዬ ኮርቼ ነበር። መኪና የሚያስቸግር መንገድ አስብ ብትሉኝ ሌላ ምን ላስብ? አሰላ ነው ያደግኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት አባባ ከጥበቃ ሲመለሱ በረንዳው ላይ ጠበቅናቸው። እማዬ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። አባባ ጃንጥላቸውን አጠፉና አጎንብሰው አዩ። ብዙ አዩ።

«እዚያ ጭቃ የለም፤ አቧራ ነው» አሉና ገቡ።

የኮራሁበትን ጭቃ አየሁት። እማዬ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። ዞር ብዬ ሳየው ደረጀ ፊቱ በርቷል።

«ሰማህ?» አለኝ።

«የለፋንበት ሁሉ ስህተት ነው ማለታቸው እኮ ነው።»

«‹እዚያ› አሉ፤ ተስፋዬ። ‹አለፈ› አላሉም። ‹እዚያ› ነው ያሉት።»

ያን ቀን ጭቃዬን ፍቆ ጣለው። አቧራ ግን ከየት ይምጣ? የእኛ ደጅ አፈር ሲደርቅ እንኳ ጥቁር ነው፤ እሱ ደግሞ የቆላ አቧራ ፈለገ። ክረምቱ እስኪወጣ ጠበቅንና በጥቅምት አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ዴራ ወረድን። እማዬ ጭኮ ቋጥራልን ነበር፤ ገብሱና ቅቤው በላስቲኩ ውስጥ ለስልሶ መንገዱን ሙሉ ይሸታል። ከኢተያ በኋላ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ፤ ሹራባችንን አወለቅን። ዴራ ስንደርስ መሬቱ ነጣ ብሎ እንደ ዱቄት ይቦናል።

ከመንገዱ ዳር ተንበርክከን አቧራ በላስቲክ ስናፍስ አንዲት ሸንኮራ ሻጭ ትክ ብላ አየችን።

«ልጆች፣ ከየት ናችሁ?»

«ከአሰላ።»

«አሰላ አፈር አለቀ?»

«የእናንተ ይሻላል ብለውን ነው እትዬ» አላት ደረጀ።

«ይሻላል እንጂ። በነጻ ስንውጠው ነው የምንውለው።»

ሸንኮራችንን እየመጠጥን ልንመለስ ነው ብዬ ነበር። ደረጀ ግን ከኮረኮንች መንገድ የሚወጡትን የጭነት መኪኖች ቆሞ ያያል። አንዱ ሲያልፍ ዞሮ ሌላውን ይጠብቃል። ፀሐዩ አናቴን ሲመታኝ ተነጫነጭኩ፤ አልሰማኝም። አቧራ መኪና ላይ የት እንደሚያርፍና የት እንደማያርፍ እያጠና መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

አቧራውን በእማዬ አሮጌ ነጠላ ነፋነው። ደረጀ ኡራሉን ስስ ኮላ ቀብቶ ዱቄቱን በእስክሪብቶ ቀፎ እፍ አለበት። ኋላው ላይ ወፈር አደረገው፤ ከጎማ ሽፋኖቹ ሥር አሳሳው። መስታወቱን ሙሉ በሙሉ አለበሰና መጥረጊያው የሚደርስበትን ብቻ በክብሪት እንጨት ጫፍ እንደ ማራገቢያ አድርጎ ጠረገው። ያን ሳይ አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ የሚያየኝ መሰለኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ ሳይቀርብ፣ እንደገና አስቀመጥንላቸው። አባባ አሁን አጎንብሰው አላዩም፤ ተቀመጡ። የመስታወቱን ንጹሕ ቦታ በጣታቸው ጫፍ ነኩት። ከዚያ ጣታቸው ወደ ቀኙ በር ሄደ።

«ይሄ በር አይዘጋም» አሉ።

«እንዴት አባባ?» አለ ደረጀ።

«ከድር በር ዘግቶ አያውቅም።»

ከድር የሚባል ሰው ስሙ ቤታችን ውስጥ ተነስቶ አያውቅም። ደረጀ ማነው ብሎ አልጠየቀም።

«ረዳቴ ነበር፤ የጢቾ ልጅ» አሉ አባባ። «በሰልፍ ስንሄድ የፊተኛው መኪና አቧራ መንገዱን ይሸፍነዋል። ከድር በሩን ከፍቶ፣ እርከኑ ላይ ቆሞ ጠርዙን ያይልኛል። ‹ግራ ያዝ፣ ግራ ያዝ› ይለኛል። የምነዳው በእሱ ዓይን ነበር።» ጣታቸውን ከበሩ ላይ አነሱ። «አንድ ቀን አቧራው ሲገለጥ በሩ ክፍት ነው። ከድር የለም።»

ደረጀ ምላጩን አነሳ። ስንት ጊዜ የደከመበትን በር በማጠፊያው በኩል ሰንጥቆ ከፈተው።

«ይህን ያህል?»

«ትንሽ ጨምር።»

«አሁንስ?»

«እዚያው ላይ።»

ደረጀ አንድ ወታደር ሠርቶ አስቀምጦ ነበር። ከሽቦ የተሠራ፣ የሱሪዬን ቁራጭ የለበሰ፣ ዓይን ሳይቀር የተሣለለት። የደከመበት ከጎማዎቹ ይበልጥ ነው። አወጣውና መዳፉ ላይ አድርጎ አሳያቸው።

«እርከኑ ላይ ላቁመው አባባ?»

አባባ ወታደሩን አዩ፤ በሩን አዩ።

«ተወው። በሩ ይበቃል።»

«እሺ» አለና ወታደሩን ኪሱ ውስጥ ከተተው። አላኮረፈም። ለምን ብሎ አልተከራከረም። ብዙ የሚችሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ የሚችሉትን ነገር ሲባሉ በዚያች ቅጽበት መተው የቻለ ግን ከእሱ ሌላ አላየሁም።

ያን ቀን ምሳው ቀዘቀዘ። አባባ አወሩ። ከድር ሞተሩ በጋለ ቁጥር «የጢቾ ቅቤ ቢኖር ይሄ ሞተር አይግልም ነበር» ይል እንደነበር ሲነግሩን ሳቁ። እማዬ ወጡን ደጋግማ ታሞቀዋለች፤ ማንም አይበላም። ከዚያ በኋላ የከድር ስም ቤታችን ውስጥ እንደ ዘመድ ስም ይነሳ ጀመር።

ደረጀ ሲያርፍ አባባ እንደ ድሮው ዝም ይላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ዝም ያልኩት እኔ ሆንኩ። እሳቸው ድንኳኑ ውስጥ ለመጣ ለቀስተኛ ሁሉ ስለ ልጃቸው አወሩ። አንድ ሽማግሌ «ይተዉት፣ ራስዎን አይጉዱ» ሲሏቸው «ስሙን ሳልጠራ ስውል ነው የምጎዳው» አሏቸው። ይህን ከየት እንዳመጡት አወቅኩ። ወንድሜ ካርቶንና ሲሊፐር ይዞ ስለ ሞተ ሰው ማውራት አስተማራቸው፤ እሳቸው ይኸው ለእሱ አዋሉት። እኔ ግን ስሙ ሲነሳ ወጥቼ ግቢ ውስጥ እቆማለሁ። ሰዎች ጠንካራ ልጅ ነው ይላሉ። ጥንካሬ አይደለም። ቃሉ አይመጣልኝም።

ትናንት ከሥራ ስመለስ አባባ ከጎረቤት ጋር ተቀምጠው ያወራሉ። «ደረጀ ሥራ ላይ ሲሆን ዝም ነው» ይላሉ። «ትንፋሹ እንኳ አይሰማም።»

«ዝም አይልም ነበር አባባ» አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ። «ያፏጫል።»

«መቼ?»

«ቀለም ሲቀባ። እርስዎ ሲገቡ ነው የሚያቆመው።»

አባባ ጎረቤቱን ረስተው ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ምን ምን ያፏጭ ነበር?»

«አንድ ዜማ ብቻ ነው፤ እሱም መሃሉ ላይ ይጠፋበታል» አልኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።