ዳማን ጾመኛ ያልናት ጊዜ

የመጀመሪያው ምልክት ምግብ መተው ነበር። እኛ ግን ሳቅን። ሁዳዴ ከገባ ሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ወፍራሟ ድመታችን ዳማ የቀረበላትን አሽትታ ስትሄድ እናቴ አየቻትና፣ «ይቺስ ከእኔም በልጣ ጾመኛ ሆነች!» አለች። እኔም ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁት።

ሰበታ ባለው ቤታችን ሦስት ድመቶች አሉን። ድሮ እናቴ በየስማቸው እየጠራች ድርሻቸውን በእጇ ትሰጣቸው ነበር። ዘንድሮ እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣ እሷም ፋብሪካ ስለምትውል፣ ሰዓቱን ጠብቆ ራሱ ምግብ የሚያፈስ ማሽን ገዛሁ። ማታ ሳህኑን ባዶ ሳገኘው ሁሉም የበሉ ይመስለኝ ነበር። ለካ ትልቁ ወንድ ነብሮ ማሽኑ ሥር ተኝቶ ይጠብቀዋል። ትንሿ ሻሼ ቀልጣፋ ስለሆነች ሰርቃ ትበላለች። ዳማ ፈሪ ናት፤ እሱን ስታይ አሽትታ ትሄዳለች። በጾም ደግሞ ከገበታችን የሚተርፍ ሥጋ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት አነሳኋት። ቀልላለች። የጆሮዋ ውስጥ ቢጫ ነው። ድዷም ቢጫ።

በካርቶን አድርጌ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ ደም ወሰደችና፣ «ስንት ቀን ሆናት ሳትበላ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም። የጾሙን ቀልድ ነገርኳት። አልሳቀችም።

«ወፍራም ድመት ጥቂት ቀን ካልበላች ስቧ ጉበቷ ላይ ይከማቻል። ሄፓቲክ ሊፒዶሲስ ይባላል። ካልመገባችኋት ትሞታለች።»

ፈሳሽ ሰጠቻት። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ አመጋገቡን አሳየችኝ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ለፋሲካ ብላ አጥባ የሰቀለችውን የፍስክ ድስት አወረደች። ራሷ ሳትቀምስ፣ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ዶሮ ቀቅላ ፈጨች። ጎረቤታችን ኦቦ ለማ በአጥሩ በኩል፣ «አዴ ጥሩነሽ፣ በሁዳዴ የማን ዶሮ ነው የሚሸተኝ?» ቢሏት፣

«የበሽተኛ ነው ኦቦ ለማ። ጾሟን ሐኪም አስፈታት» አለቻቸው።

በቀን አምስት ጊዜ። ትተፋለች። እንደገና እንሰጣታለን። ስምንት ቀን።

በዘጠነኛው ቀን ሲሪንጁን ትታ ከእናቴ መዳፍ ላይ ዶሮውን ላሰች፤ ከዚያም በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየጨመረች መብላትና ፀጉሯን መላስ ጀመረች፤ ከወር በኋላ የጆሮዋ ቢጫነት ጨርሶ ጠፋ። ማሽኑን አልጣልነውም። አሁን ነብሮ በሩ በተዘጋ ክፍል ብቻውን ይበላበታል፤ ሁለቱ ሴት ድመቶች ግን በየሳህናቸው፣ እኛ እያየናቸው ነው የሚበሉት። እናቴንና ሐኪሟን ከልቤ አመሰግናለሁ።

ለመጨረሻው ምርመራ ስንሄድ አንድ ጎልማሳ የከሳች ድመት በፎጣ ጠቅልለው ገቡ። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ፣ «አመጋገቡን አንቺ አሳያቸው» አለችኝ። ሲሪንጁን ተቀበልኳት። የነገርኳቸውን ለእናንተም እጽፋለሁ።

«ጋሼ፣ አንገቷን ወደ ኋላ አያጥፉት። በአፏ ጎን፣ ጥቂት በጥቂት፣ እስክትውጥ ይጠብቁ። ድመቶችዎ ብዙ ከሆኑ ሳህኑን ሳይሆን እያንዳንዷን ይዩ። አንዷ ቀኑን ሙሉ ካልበላች ወደ ሐኪም ይምጡ።»

«ኧረ ትተፋዋለች፣ ልጄ!» አሉ።

ካርቶኑን ከፍቼ ዳማን አሳየኋቸው። «ይቺም ስምንት ቀን ተፍታብኛለች።»