በጨጨብሳ ላይ የመጣ ጸበል

ተመስገን ማለት ለእኔ ከድሮም ከብዶኝ አያውቅም። ጠዋት ስነሳ ተመስገን፣ ውሃ ስጠጣ ተመስገን፣ ክሩ ሳይበጠስብኝ አንድ ክንድ ከሠራሁ ተመስገን። ሚስቴ "አንተ እኮ ስታስነጥስም ታመሰግናለህ" ትለኛለች። አፌ እንዲህ ነው። ልቤ በዚያው ሰዓት ምን ሲሠራ እንደሚውል ግን የምናውቀው እግዚአብሔርና እኔ ብቻ ነበርን። አሁን እናንተም ልታውቁ ነው።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ሽሮ ሜዳ። እኔና ጎረቤቴ ሁለታችንም ሸማኔዎች ነበርን። አባቶቻችን ከአንድ የጋሞ ደጋ መጥተው ጉለሌ የሰፈሩ ናቸው። እኛም አጥር ለአጥር ተወልደን፣ አጥር ለአጥር ጎጆ ወጣን። ስንቆጣ በአባቶቻችን ቋንቋ ነው፣ ስንጸልይ በአማርኛ። ድር ማድራት ለአንድ ሰው አይመችም። ክሩን ከአንዱ ካስማ ወደ ሌላው እየዘረጉ ሲመላለሱ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ቆሞ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። የእኔን እሱ ይይዝልኛል፣ የእሱን እኔ እይዝለታለሁ። ሰፈሩም "ድርና ማግ" ነበር የሚለን። ማኅበራችንም አንድ ነው፤ በየወሩ በሚካኤል ቀን ተራ በተራ እየደገስን ጽዋ እንጠጣለን።

ታዲያ በግንቦት አንዲት ወይዘሮ ያዘዘችኝን ነጠላ ልትወስድ በመኪና መጣች። እኔ ያን ጊዜ ከእኔ ወዲያ ሸማኔ ላሳር የምል ሰው ነበርኩ። የነጠላውን ጥበብ ስሠራ ሁለት ሳምንት ጀርባዬ ጎብጧል። ወይዘሮዋ ነጠላውን ፀሐይ ላይ ዘርግታ አየችው፣ አገላበጠችው። ጎረቤቴ ደጄ ላይ ተቀምጦ በጣሳ ውሃ እየጠጣ ነበር። ዞር ብላ "አንተስ ምን ትላለህ?" አለችው።

"ጥበቡ ትንሽ ጠመም ብሏል" አላት።

ነጠላውን ሳትወስድ ትታልኝ ሄደች።

ጠመም ብሎ ነበር? ብሎ ነበር። ዛሬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አንገቴን ቢቆርጡኝ አልልም ነበር። "ምቀኛ!" አልኩት። ሌላም ሌላም አልኩት፣ በአባቶቻችን ቋንቋ፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም። ጎረቤቴ ጣሳውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠና ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ በአጥሩ በኩል የምሰማው የሸማ ዕቃውን ድምፅና ሳሉን ብቻ ሆነ። ደረቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነው፣ ትንሽ ዳገት ከወጣ ይስላል።

አምስት ወር እንዲህ ሆንን። ድሬን ብቻዬን ማድራት ጀመርኩ። ክሩን እዚህ አስሬ እዚያ ስደርስ ይላላል። ተመልሼ ሳጠብቀው በዚያኛው በኩል ይፈታል። ሚስቴን ፈትሏን ትታ እንድትይዝልኝ ብለምናት "የሚይዝልህ ሰው ከአጥሩ ማዶ አለልህ" አለችኝ። ጠዋት ተመስገን ብዬ ተነስቼ እስከ ምሳ ድረስ ክር ስሳደብ እውላለሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። እውነት ነው፤ የተጣሉት የቅርብ ጎረቤት ግን ከሩቅ ጠላት ይብሳል፣ ሲስል ይሰማላ! በሳለ ቁጥር እጄ ሥራውን ይተዋል። ሳሉ እስኪቆም እጠብቃለሁ፤ ሲቆም ደግሞ "ምን አገባኝ" ብዬ ራሴን እቆጣለሁ። ናፍቆኝ ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ አጥር ለአጥር እያለን ናፍቆኝ ነበር።

በማኅበራችን ወግ የተቀያየመ ሰው ጽዋ አይቀምስም። ጽዋው ከመዞሩ በፊት ሙሴ የምንላቸው የማኅበሩ አለቃ "የተቀያየመ አለ ወይ?" ብለው ይጠይቃሉ። ስለዚህ እሱ የሄደ ወር እኔ እቀራለሁ፣ እኔ የሄድኩ ወር እሱ ይቀራል። ሳንነጋገር የተስማማንበት ነገር ይሄ ብቻ ነበር። ሙሴያችን ደግሞ ሽማግሌ ናቸው እንጂ ሞኝ አይደሉም። በጥቅምት፣ ለሚካኤል አንድ ቀን ሲቀረው፣ ለሁለታችንም ላኩብን፦ "ነገ ሁለታችሁም ትመጣላችሁ። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ከማኅበሩ ወጥቷል።"

ክው አልኩ። ማኅበሩ የአባቴ ማኅበር ነው። አባቴ ሲሞት ድንኳን የተከለልኝ፣ ሚስቴ ምጥ ሲጠናባት ደጄ ላይ ቆሞ የጸለየልኝ እሱ ነው። ከዚያ መውጣት ሰው አልባ መሆን ነው። መሄድ ደግሞ ያን ሁሉ ሰው እያየኝ "ጥበቤ ጠማማ ነበር፣ ይቅር በለኝ" ማለት ነው። ይሄን ከማደርግ ብሞት ይሻለኛል አልኩ። መሞቱ ግን ስለከበደኝ ታመምኩ።

በሚካኤል ጠዋት ሚስቴን "ሂጂና ሆዱን ቁርጠት ይዞታል በዪልኝ" አልኳት።

"እኔ በሚካኤል ቀን አልዋሽም" አለች። "በሌላም ቀን አልዋሽልህም። ራስህ ሂድ።"

ራሴ ሄድኩ። የሙሴያችን ቤት እንጦጦ ሥር፣ ከእኛ ቤት በላይ ነው፤ የሚደረሰውም ከዚያ ሰፈር ዳገት ሁሉ የከፋውን ወጥቶ ነው። ያንን ዳገት ላብ በላብ ሆኜ ወጣሁት፣ መራመድ አልቻልኩም ብዬ ልናገር። በራቸው ላይ ስደርስ ጎበጥኩና ሆዴን ያዝኩ።

"እንዴት አደሩ፣ አባቴ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"ቁርጠት ነው አባቴ። ዛሬ ለማኅበሩ መምጣት አልችልም። አንድ እርምጃ መራመድ አቅቶኛል።"

ሽማግሌው የወጣሁትን ዳገት ቁልቁል አዩት። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። "እግዚአብሔር ይማርህ" አሉኝ። "በል፣ ሂድና ተኛ።" ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። መጉበጤን የረሳሁት ገና ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ነው።

ዳገቱ አስርቦኝ ገባሁ። ቀኑ የጾም ቀን አልነበረም። ሚስቴ ቂጣውን ቆራርሳ፣ ቅቤና በርበሬ አድርጋ፣ ጨጨብሳ ሠራች። አንድ ሳህን በላሁ። "ጨምሪልኝ" አልኳት ጮክ ብዬ። "ለታመመ ሰው አይበዛም?" አለች፣ ጨመረችልኝ። ሁለተኛውንም ጨርሼ፣ ሳህኑን አልጋው አጠገብ አስቀምጬ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ። ከመተኛቴ በፊት ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ተመስገን አልኩ! ዓይኔን በጨው ታጥቤ!

ስድስት ሰዓት ገደማ የዝማሬ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መጀመሪያ በመንገድ የሚያልፉ መሰለኝ። ድምፁ ግን አላለፈም፣ ወደ ደጄ መጣ። በሩ ተከፈተና ሙሴያችን ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ይዘው ገቡ፤ ከኋላቸው ዳቦው፣ ከዳቦው ኋላ መላው ማኅበርተኛ።

"አንተ መምጣት ካልቻልክ እኛ እንመጣለን ብለን ነው" አሉኝ። "በሽተኛ ሳይጠየቅ እንዴት ጽዋ ይጠጣል?"

ይሄን እንዴት ረሳሁት! በእኛ ሰፈር እኮ ጤነኛ ሰው ብቻውን ሊውል ይችላል፤ ታምሜያለሁ ያለ ሰው ግን ለአፍታም ብቻውን አይቀርም። ከሰው ለመሸሽ ብዬ ሰውን ሁሉ ቤቴ ጠራሁ። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት። ያን ጊዜ ሳህኑ ትዝ አለኝ። ሚስቴን አየኋት። እሷም አየችኝ። የሚስቴ ምላስ በሚካኤል ቀን አይዋሽም፤ እግሯ ግን ሳህኑን ቀስ አድርጎ አልጋው ሥር ከተተው።

በመጨረሻ ሳል ሰማሁ። ጎረቤቴ ገባ። ፊቱ አቧራ ነው፣ ጫማውን በእጁ ይዟል፣ እግሩ ቀይ አፈር ለብሷል። በብብቱ ጠርሙስ አቅፏል። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ወደ አልጋዬ መጣ።

"እንጦጦ ወጥቼ ነው" አለኝ። በአምስት ወር ውስጥ የነገረኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። "ታሟል ሲሉኝ ጸበል ልቅዳለት ብዬ። በል ጠጣ።"

ያ ዳገት ለእኔ እንኳ ዳገት ነው። ለዚያ ደረቱ! የእንጦጦ ሴቶች እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ እሱ በባዶ እግሩ እየሳለ ሲወጣ ታየኝ። ጸበሉን በጣሳ ቀድቶ ሰጠኝ፤ በዚያው በግንቦቱ ጣሳ። ሰዉ ሁሉ ለጸበሉ ከመቀመጫው ተነስቶ ቆመ።

ጸበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው። ይሄን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። እኔ ደግሞ ሁለት ሳህን ጨጨብሳ ሆዴ ውስጥ አለ። በራስጌዬ ግድግዳው ላይ የሚካኤል ሥዕል ተሰቅሏል፣ ሰይፉን እንደመዘዘ። የዚያን ቀን የሚያየው እኔን ብቻ መሰለኝ። ለሙሴያችን ዋሽቻለሁ፣ እሺ፣ እሳቸው ሰው ናቸው። ጸበል ላይ ግን እንዴት ተደርጎ ይዋሻል? ጣሳውን ወደ አፌ አስጠግቼ ስመልሰው ጋቢዬ ላይ ፈሰሰ።

"ጠጣ እንጂ፣ ልጄ" አሉ ሙሴያችን።

"በልቻለሁ" አልኩ ጋቢው ውስጥ ሆኜ።

"ምን አልክ?"

"በልቻለሁ! ጨጨብሳ በልቻለሁ! ሁለት ሳህን! አልታመምኩም፣ ውሸቴን ነው! ጥበቡም ጠማማ ነበር!"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተከፈተችም። መጀመሪያ የሳቀችው ሚስቴ ናት። ከዚያ ሁሉም ተከተላት። ሙሴያችን እንደ ሽማግሌ ሊኮሳተሩ ሞከሩ፤ ሳቁ ግን ትከሻቸውን ሲያርገፈግፈው ጽዋው ከእጃቸው እንዳይወድቅ ሰው ተቀበላቸው።

ጎረቤቴ ብቻ አልሳቀም። ከአልጋዬ ወርጄ ፊቱ ቆምኩ፤ ለአንድ በሽተኛ መቼም ፈጥኜ ነው የተነሳሁት።

"ይቅር በለኝ" አልኩት። "አንተ ደረትህን እያመመህ ያን ሁሉ ዳገት በከንቱ አስወጣሁህ። አፈር ልብላ።"

"በከንቱ አይደለም" አለ። "አለመታመምህን ሳልወጣ ነው ያወቅኩት።"

"በምን አወቅክ?"

"ቅቤው በአጥሩ በኩል ሸተተኝ። ደግሞ ቁርጠት የያዘው ሰው 'ጨምሪልኝ' ብሎ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።"

ሰዉ እንደገና ሊስቅ ነበር፣ ፊቱን አይቶ ተወው።

"ታዲያ ምን ሊያደርግልህ ወጣህ?" አልኩት።

አቧራ የለበሰ እግሩን አየ። "አምስት ወር ሙሉ በርህን የምገባበት ምክንያት ፈለግኩ" አለኝ። "ጤነኛ ሰው ቤት ምን ተብሎ ይገባል? ዛሬ ታመመ ሲሉኝ፣ ውሸትም ይሁን፣ ተመስገን አልኩ።"

እኔ ያን ቃል በቀን መቶ ጊዜ እለዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ከእሱ አፍ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት መሰለኝ፣ እንደ ሕፃንም አለቀስኩ። አንገት ለአንገት ተያያዝን። ሙሴያችን ጉሮሯቸውን ጠረጉና በወጉ መሠረት "የተቀያየመ አለ ወይ?" ብለው ጠየቁ። ሁለታችንም እኩል "የለም፣ አባቴ!" አልን፤ ጽዋው ዞረ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ እኔም በጨጨብሳው ላይ የድርሻዬን ዳቦ በላሁ።

የተረፈውን ጸበል ሥዕሉ ሥር አስቀመጥነው። በማግሥቱ ጎረቤቴ በማለዳ መጣ፣ ሚስቴንም "ምንም አልበላም?" ብሎ ጠየቃት። አልበላም አለችው። እሱ እያየኝ በባዶ ሆዴ ጠጣሁት። የእንጦጦ ውሃ ጠዋት ጥርስ ያረግፋል። ጠጥቼ ስጨርስ ጎረቤቴ ምንም ሳይለኝ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ወዲያኛው ካስማ ዘንድ ቆሞ የክሩን ጫፍ ያዘልኝ።

"ና እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለኝ።

ክሩን ይዤ ከካስማ ካስማ መመላለስ ጀመርኩ። ዓይኔ እንባ ሞልቶት ክሩ በደንብ አልታየኝም፤ ያ ድርም ተዛነፈ። እሱም አየው። አሁንም ፊት ለፊት ነገረኝ።

"ተመስገን" አልኩና ፈትቼ እንደገና ጀመርኩት።