አያ ቢያድግ ስለ እኔ የመሰከረው

ባለፈው እሑድ አምልኮ ላይ ሳለን የጸሎት ቤታችን ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ወረደ። የከተማችን የገንዳ ውሃ ሙቀት እንደሚታወቀው ስለሆነ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ነበር ስብከት የምንሰማው። ሁለተኛው ድንጋይ ሲያርፍ ሕፃናቱ እናቶቻቸው ጉያ ገቡ፤ ስብከቱም ተቋረጠ። ወጣቶቹ እየሮጡ ወጡ፤ ማንንም አላገኙም። ተመልሰው ሲገቡ ግን ወንጀለኛውን በስም ይዘው ነበር። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌ ናቸው አሉ። እኚህ ሰው ሲያዩን ምራቃቸውን የሚተፉ፣ ለሰላምታዬ አንድ ቀን እንኳ መልስ ሰጥተውኝ የማያውቁ ጎረቤቴ ናቸው።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ቤቴ ድረስ መጣ። ጢሙ ገና ያልጠና፣ ሥራ የሚወድ ልጅ ነው።

«ፓስተር፣ ነገ ቀበሌ እንቀርባለን። እርስዎ በመስኮቱ በኩል ስለሚቆሙ፣ ሲወረውሩ አይተዋል ብለን ተናግረናል» አለኝ።

«አላየሁም» አልኩት።

«እንደሚጠሉን ግን ያውቃሉ።»

«እሱንማ አሳምሬ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። ድንጋዩ ሲወርድ መድረክ ላይ የነበረው ራሱ ነው፤ የሚሰብከውም ጠላትን ስለ መውደድ ነበር። እንደ ቀላል ነገር፣ ማር እንደ መላስ አድርጎ ነው የሰበከው። እኔ እንዲህ ያለ ስብከት ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ በዚህ ዕድሜዬም አልተወኝም። ልጁን ሸኝቼ በረንዳው ላይ ስቀመጥ አያ ቢያድግ ትዝ አለኝ። እርሱ ጠላቴ ነበር። ስለ ጠላት የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ እርሱ ነው።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ የጎንደር ደጋ ልጅ ነኝ። ከተማ የሚኖር ዘመዴ ዘንድ ከርሜ ወንጌል ሰማሁ፤ አመንኩ፤ ማተቤን ፈታሁ። እናቴ ባዶ አንገቴን ስታይ እንደ ሞተ ልጅ አለቀሰችብኝ። አባቴ ደግሞ እንድወጣ በሩን ከፍቶ ቆመ። ስለዚህ መስከረም ሲጠባ፣ እንጀራ ፍለጋ ወደ ቆላ ከሚወርደው ሕዝብ ጋር በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ወደ መተማ ወረድኩ። ከአይከል ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ሲሆን የደጋው ብርድ ከላያችን እንደ ጋቢ ተገፈፈ፤ ኮኪት ስንደርስ አየሩ ራሱ የጋለ ነበር።

የተቀጠርንበት እርሻ ከባለቤቱ ተወርሶ የመንግሥት የሆነ ነው። የቀን ሠራተኞቹን ሳሉግ ይሉናል። በየቡድኑ ተከፍለን በአንድ ዳስ እናድራለን፤ የማሽላ ቂጣችንን በወይካ፣ ማለትም በደረቅ ባሚያ ወጥ ከአንድ ትሪ እንበላለን። የእኛ ቡድን አለቃ አያ ቢያድግ የሚባል የጎጃም ሰው ነበር። ረጅም፣ ደረቅ፣ ሳቅ የማያውቅ፣ ከእኛ ሁሉ ቀድሞ ማጭዱን የሚያነሣ ሰው ነው። ማተቡ ወፍራም ጥቁር ክር ሲሆን በላብ ብዛት ጠንክሮ ሽቦ መስሎ ነበር።

በዚያ ፀሐይ ሰው ሁሉ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሲሠራ እኔ ሸሚዜን እስከ አንገቴ ቆልፌ እሠራ ነበር። የጠየቀኝ የለም፤ የተናገርኩትም የለም። አንድ ቀን ግን እኩለ ቀን ላይ ዓይኔ ጨለመና ነዶ ላይ ወደቅሁ። ስነቃ ሸሚዜ እስከ እምብርቴ ተከፍቷል፤ አያ ቢያድግ ጀሪካኑን ይዞ ደረቴ ላይ ውሃ እያፈሰሰ ነው። ከዙሪያዬ የነበሩት ሁሉ አንገቴን ያያሉ።

«ጴንጤ ነው!» አለ አንዱ፤ እባብ ያየ ይመስል ወደ ኋላ እያለ።

አያ ቢያድግ ማፍሰሱን አላቋረጠም። ጀሪካኑን ጨርሶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ ከዚያ ቀና አለ።

«ውሃ አይከለከልም» አለ። «ከእንግዲህ ግን ትሪያችንን እንዳይነካ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድርሻዬን በእጄ ተቀብዬ ከዳሱ ውጪ፣ ከዛፍ ሥር ለብቻዬ እበላ ጀመር። ከትሪ መባረር ምን እንደሆነ ያልቀመሰው አያውቀውም። ቂጣው ያው ነው፤ ጨው የሌለበት ያህል ግን አይጥምም። ስሜን ጠርቶ የሚያዘኝ ጠፋ። ውሃ ስጠይቅ ከላይ ሆነው በእፍኜ ያፈሱልኛል፤ አፌ ጣሳቸውን እንዳይነካ። አያ ቢያድግ ደግሞ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ያማትባል። እኔም ጠላሁት። ለጠላቶቼ እየጸለይኩ ጠላሁት። ጸሎቱም ከአፌ አልፎ ወደ ሆዴ አልወረደም።

ሰሊጥ የማያውቅ ሰው ቀጥሎ የሆነው አይገባውምና ትንሽ ልንገራችሁ። ሰሊጥ ታጭዶ በነዶ ይታሰርና ጫፉን ወደ ሰማይ አድርጎ ይቆማል፤ ክምሩን ሂላ ይሉታል። ፀሐይ ሲያደርቀው ቅርፊቱ አፉን ይከፍታል። ያን ጊዜ ነዶውን ጢም ብሎ እንደ ሞላ ብርጭቆ ቀጥ አድርጎ ተሸክሞ፣ ሸራ ላይ ገልብጦ ማራገፍ ነው። ቀን አይሰጥም። ነፋስ ከቀደመ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይፈሳል።

የእኛ ሂላ አፉን የከፈተው በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነው። እርሻውን የሚቆጣጠረው ካድሬ በዓል የሚባል ነገር እንደሌለ አስጠንቅቆን ለስብሰባ ወደ ገንዳ ውሃ ሄዷል። ማታ እራት ሲያበቃ አያ ቢያድግ ተነሥቶ፣ «ነገ ሚካኤል ነው። ማንም ሰው ሰሊጥ ላይ እጁን እንዳያሳርፍ» አለ። እኔ ግን ጠዋት ሸራዬን ይዤ ወጣሁ። የተቀጠርኩበትን ሥራ መሥራት ለጌታ እንደ መሥራት ነው ብዬ አምን ነበር፤ እልህም ነበረብኝ። ብቻዬን አንዱን ነዶ ከሌላው አስከትዬ ሳራግፍ ከዳሱ ጥላ ሥር ሆነው በዓይናቸው ይበሉኛል።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ መጣ። ከሱዳን በኩል ቀይ አቧራ ይዞ ተነሣና ሂላዎቹን እየገፋ አንጋለላቸው። ሲያልፍ መሬቱ በሰሊጥ ነጭ ሆኖ ነበር። ሰዎቹ ከዳሱ ወጥተው አፋቸውን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«በዚህ ጦስ ነው! ሚካኤልን ደፍሮ ነው!»

አንዱ ዱላ አነሣ። አያ ቢያድግ በመካከል ገብቶ ዱላውን ያዘ። «በሚካኤል ቀን እጃችንን አናረክስም» አለ። ፊቴን አላየም።

ካድሬው በማግስቱ ደረሰ። የፈሰሰውን ሲያይ ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን ሳስበው እርሱም የሚፈራው አለቃ ነበረው። ሁላችንን ከዳሱ አጠገብ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ሰበሰበን። ሥራ ቆሞ እንደ ዋለ ሰምቷል፤ በመካከላችን ጴንጤ እንዳለም ሰምቷል። ሁለቱን ወሬዎች እዚያው ሰፍቶ አንድ አደረጋቸው።

«ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው!» አለ። «ይህ የአሜሪካ ሃይማኖት ሠራተኛውን ሥራ አትሥሩ ብሎ ሰብኳል። ብድግ በል አንተ!»

ተነሣሁ። በአሻጥር ተጠርጥረው ወደ ጎንደር የሚጫኑ ሰዎች ምን እንደሚገጥማቸው ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዳንዱ አይመለስም። ካድሬው ወደ አያ ቢያድግ ዞረ።

«የቡድኑ አለቃ አንተ ነህ። አትሥሩ ያላችሁ ይህ ልጅ ነው አይደለም?»

የሚጠበቅበት አንድ «አዎ» ብቻ ነበር። «አዎ» ቢል እርሱም ይድናል፣ ጓደኞቹም ይድናሉ፣ የሚጠላኝም ሰው ከዓይኑ ይርቅለታል። ከጎኑ የተቀመጡት «በል እንጂ» እያሉ በክርናቸው ጎሸሙት። እኔም በልቤ «በል፣ ይብቃኝ» አልኩ፤ ከእርሱ ደግ ነገር አልጠበቅሁም።

አያ ቢያድግ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ጌታው፣ እኔ ይህን ልጅ አልወደውም» አለ። «ሳየው ደሜ ይፈላል። የእናት አባቱን ማተብ ጥሎ የመጣ ነው።»

«የጠየቅሁህን መልስ!»

«እየመለስሁ እኮ ነው። አትሥሩ ያልሁ እኔ ነኝ። ሚካኤል ነው ብዬ አስቀመጥኋቸው። እሱማ ሲሠራ ነው የዋለ። ነፋሱንም ያመጣብን መሥራቱ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ካድሬው የተቀለደበት መስሎት ፊቱ ጠቆረ።

«ሰውዬ፣ ደግመህ አስብ። እሱ ነው ብትል ወደ ሥራህ ትመለሳለህ።»

አያ ቢያድግ ያን ጥቁር ክር በሁለት ጣቱ ያዘ። «ይህን አስሬ?» አለ።

ካድሬው በጥፊ መታው። ከዚያ፣ «ሁለታችሁም አድኃሪዎች ናችሁ!» ብሎ አንድ ላይ እንድንዘጋ አዘዘ። እንዲህ ሆኖ እኔና ጠላቴ ባዶ ጆንያ በተከመረበት የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ተፋጠን ተቀመጥን። ቆርቆሮው እንደ ምድጃ ይግላል፤ የሰሊጥ ሽታ አፍንጫን ይሞላል። ምሳ ሰዓት ላይ ዘበኛው አንድ ወፍራም ቂጣ በአንድ ሳህን አድርጎ በመካከላችን አስቀመጠና በሩን ቆለፈ።

አያ ቢያድግ ሳህኑን ትክ ብሎ አየው። ከእኔ ጋር ሊቆርስ አይችልም፤ ለብቻውም ሊበላ አይችልም። በመጨረሻ ቂጣውን አንሥቶ ለሁለት ገመሰው። ገማሾቹን ጎን ለጎን አድርጎ ለካቸው። ከፍ ያለውን ሳህኑ ላይ መለሰና ወደ እኔ ገፋው፤ የራሱን በጆንያ ቁራጭ ላይ አድርጎ፣ አማትቦ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ በላ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ቢያድግ።»

«አያ አትበለኝ። ወንድምህ አይደለሁም።»

«ታዲያ ለምን አዎ አላልክም?»

«አንተን ብዬ መሰለህ?» አለ ሳይዞር። «አንተ ብትታሰር ደስታዬ ነው። በእኔ ውሸት ከታሰርህ ግን ኃጢአቱ በእኔ አንገት ነው። አሁን ዝም በል፤ አታድርቀኝ።»

ጥቂት ቀናት እንደዚያው አለፉ። እርሱ ይገምሳል፤ ትልቁን ለእኔ ይገፋል፤ ጀርባውን ይሰጠኛል። ከዚያ በእርሻው ላይ የሰው እጅ ስላነሰ እኔን ወደ ሥራ አወጡኝ። እርሱን ግን በዓል ብሎ ሥራ ያስቆመ ነው በማለት ወደ ጎንደር በሚሄድ መኪና ላይ ጫኑት። ጀሪካን ይዤ ሮጥኩ። እጁ ታስሮ ስለነበር ዘበኛውን ለምኜ አስፈታሁለት። ጣሳ ዘረጋሁ። ጣሳውን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ሁለት እጁን ገጥሞ ዘረጋ። ከላይ ሆኜ አፈሰስኩለት። በእፍኙ ጠጣ፣ ፊቱን ታጠበ።

መኪናው ሲነሣ፣ «አንተ ጴንጤ፣ ማተብ እሰር!» ብሎ ጮኸብኝ። ዳግመኛ አላየሁትም። ይሙት ይኑር፣ ማንን ብጠይቅ የሚያውቅ አጣሁ። በዳሱ የቀሩት ጓደኞቹም እስከ ሥራው ፍጻሜ ድረስ ትሪያቸውን አላስነኩኝም፤ አለቃቸውን ያስወሰድኩባቸው እኔ ነበርኩ።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ማክሰኞ ቀበሌ ቀረብኩ። ጎረቤቴ ከዘራቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። የእኛ ወጣቶች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። ሊቀ መንበሩ ያየሁትን ጠየቀኝ።

«እኚህ ሰው አይወዱንም» አልኩ። «እኔንም አይወዱኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም ለእሳቸው ብዙ ፍቅር የለኝም። ድንጋይ ሲወረውሩ ግን አላየሁም። የወረወረውን አላውቅም።»

ጸሐፊያችን ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። ጎረቤቴ አንገታቸውን አዙረው አዩኝ። ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት በአጥሩ በኩል «እንደምን አደሩ» አልኳቸው። አልመለሱልኝም። ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጸሐፊውን «እንደምን አደርክ» አልኩት፤ እርሱም አልመለሰልኝም። አሁን ሰላምታዬን የማይመልሱ ሁለት ሰዎች አሉኝ። እሑድ ተራው የእኔ ነው፤ ልጁ የጀመረውን ጠላትን የመውደድ ስብከት እንድጨርስ ተነግሮኛል። አያ ቢያድግን ወደድኩት ብዬ መድረክ ላይ መዋሸት አልችልም፤ እርሱም እንደማይወደኝ ተናግሯል። ስለዚህ ስለ ቂጣው ብቻ እናገራለሁ። እርሱ ራሱ በሕይወት ኖሮ ቢሰማኝ፣ «ዝም በል፣ አታድርቀኝ፤ ይልቅ ማተብ እሰር» ይለኝ ነበር።