ጥፍርና ወተት

ጥፍሬ የታመመውን የቲማቲም ችግኝ ነቅሎ ጣለ፤ በዚያው እጁ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ቀና አድርጎ ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አደረገ። ደህና ነው። ቀጥሎ ያለውንም እንዲሁ። በሽታው ከገባ ወዲህ ሥራው ይኸው ነበር። ጠዋትም ከሰዓትም፣ እያንዳንዷን ችግኝ በእጁ ሳይዳስስ ወደ ቤቱ አይሄድም።

ሁለት ዙር ችግኝ ተበላሽቷል። ቅጠሉ አረንጓዴና ቢጫ ይዥጎረጎራል፣ ይጨማደዳል፤ ተክሉ ይቀጭጫል። የእርሻው አለቃ፣ "ሦስተኛውም እንዲህ ከሆነ ችግኝ ቤቱን እዘጋለሁ፤ ከሌላ ቦታ ገዝቼ እተክላለሁ" ብሏል። ችግኝ ቤቱ ተዘጋ ማለት ጥፍሬ ተሰናበተ ማለት ነው።

ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው። በውሃ ቀጂነት ተቀጥሮ ችግኝ ቤት ሲገባ የቀኝ አውራ ጣቱን ጥፍር አሳደገ፤ የጎን ቀንበጥ የሚቀነጥሰው በእሱ ነው። ቢላ አይዝም። ቢላ ያቆስላል ይላል። ሦስት ልጆች ያሳደገው በዚሁ ጥፍር ነው። ሚስቱ ማሸጊያ ክፍል ትሠራለች። ማታ ስለ ችግኞቹ ጭንቀት ሲያወራላት፣ "እኔ ስታመም እንኳ እንዲህ ደባብሰኸኝ አታውቅም" ትለዋለች።

የፈንገስ መድኃኒት ረጨ። አልሆነም። የተባይ መድኃኒት ረጨ። አልሆነም። አፈሩን ቀየረ። በመጨረሻ አለቃው ከምርምር ጣቢያ ባለሙያ አስመጣ። ወጣት ሴት ናት፤ ሠራተኞቹ ወዲያው "የቅጠል ሐኪሟ" አሏት።

ሐኪሟ ግማሽ ቀን ቆማ ጥፍሬ ሲሠራ አየች። በእረፍት ሰዓት ደጅ ተቀምጦ ትምባሆውን ሲጠቀልል መጣች።

"ጋሼ፣ እስቲ አንድ ይስጡኝ።"

"አንቺም ልጄ?" አለ። ግን ሰጣት።

አላጨሰችውም። ፈታችና ትምባሆውን ከውሃ ጋር ፈጭታ ጨመቀችው። በጭማቂው የአንድ ጤነኛ ችግኝ ቅጠል ጫን ብላ አሸች፤ የሌላውን ደግሞ በንጹሕ ውሃ። ሁለቱንም ይዛ ሄደች። ከሳምንታት በኋላ ይዛቸው ስትመለስ፣ ትምባሆ የነካው ተዥጎርጉሯል።

ጥፍሬ ቅጠሉን አየ። ከዚያ እጁን አየ።

"እንግዲህ በሽታው እኔ ነኝ" አለ።

"በሽታው ቫይረስ ነው። እርስዎ መንገዱ ነዎት።"

"ያን ሁሉ መድኃኒት ረጭቼበት አይሞትም እንዴ?"

"ምኑ ይሞታል? በሕይወት መኖሩን ራሱ የሚጠራጠሩ አሉ።" ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠች። "ይቺ ቅጠል የተሠራችው ከሕዋሳት ነው። እያንዳንዱን ሕዋስ አንድ ቤት በሉት። ምግብ ያዘጋጃል፣ ቆሻሻ ያወጣል፣ ያድጋል፣ ጊዜው ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ፈንገስም ሕዋስ ነው፤ ስለሚኖር ይገደላል። ቫይረስ ይሄ ሁሉ የለውም። በፕሮቲን ልባስ የተሸፈነ አንድ ክር ነው፣ አለቀ። ክሩ ላይ 'እኔን ሥሩ' የሚል ትእዛዝ አለ። ደረቅ ትምባሆ ውስጥ ዓመታት ይተኛል፤ አይርበው፣ አይጠማው።"

"ታዲያ እንዴት ይራባል?"

"ያሠራል እንጂ ራሱ አይሠራም። የቅጠሉ ፀጉር እንኳ ቢሰበር በቁስሉ ይገባል። ልባሱን ያወልቃል። ሕዋሱ ትእዛዙን የራሱ ይመስለውና ሥራውን ትቶ ይታዘዘዋል። ክሩን ለብቻ፣ ልባሱን ለብቻ ያባዛለታል፤ ከዚያ ይገጣጠማሉ። አንድ ሕዋስ ሲከፈል ሁለት ነው የሚሆነው። ይሄኛው በአንዴ እልፍ ነው።"

ጥፍሬ አሰብ አደረገ። "ባዶ እጁን መጥቶ በሰው ጓዳ የሚያዝ። የሚስቴ ወንድም ነዋ።"

"የሚስትዎ ወንድም ይበላሉ። ይሄ አይበላም።"

"እንግዲያ ይሄ ይሻላል።"

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ፣ "ለአለቃው ምን ልትይው ነው?" አላት።

"እውነቱን።"

ከሰዓት በኋላ ጥፍሬ የአለቃው ቢሮ ደጅ ቆሞ ጠበቀ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ይሰማል።

"ይሄን ሁሉ ያደረገው የእሱ ጥፍር ነው?" አለ አለቃው።

"የእሳቸው እጅ ነው። እያንዳንዱን ችግኝ በቀን ሁለቴ የሚዳስስ ሌላ ሠራተኛ የለዎትም። የሚዳስሱትም ስለሚሳሱላቸው ነው። ቢያባርሯቸው የሚተካቸውም ያጨስ ይሆናል፤ እንዲህ ግን አይለፋም። እጃቸውን እናጥበው።"

"አንድ ዙር ይሞከር" አለ አለቃው። "ከዚያ ወዲያ አላውቅም።"

ደንቡ በማግስቱ ወጣ። ትምባሆ በር ላይ ይቀራል። ልብሱ ይቀየራል። የታመመ ችግኝ የሚነቀለው በሥራው መጨረሻ ነው፤ ከእሱ በኋላ ጤነኛ አይነካም። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው በተሻገሩ ቁጥር ቅባቱ በወጣ ወተት ውስጥ ይነከራል። የወተቱ ፕሮቲን ቫይረሱን ሸፍኖ ከቅጠል ወደ ቅጠል እንዳያልፍ ይይዘዋል።

"ጥፍሩም፣ ጋሼ" አለች ሐኪሟ። "ከሥሩ ጭማቂ ይደበቃል።"

ከሚስቱ መቀስ ተውሶ ቆረጠው።

ሠራተኞቹ ሳይቀልዱበት አልቀሩም። "በወተት ታጠብክ? ከእንግዲህ እኛ ሰላም የምንልህ በቀጠሮ ነው።" ሚስቱም ማታ፣ "እኔ ለሻይ የማጣውን አንተ ትታጠብበታለህ" አለችው። ከዚያ እጁን ይዛ አገላብጣ አየችው። "ለስልሷል ግን።"

ሦስተኛው ዙር አረንጓዴ ሆኖ ማሳ ወረደ። የመጀመሪያው ፍሬ ሲቀላ ጥፍሬ በዘንቢል መርጦ ለቀመና በአውቶቡስ ወደ ምርምር ጣቢያው ሄደ። ሐኪሟ ላቦራቶሪ በር ላይ ተቀበለችው።

"ያኔ 'እሱ ነው' ብለሽ ብትሄጂ ውሸት አይሆንም ነበር" አላት። "የመጣሁት የቀረውንም ጨምረሽ ስለነገርሽው ነው። ልጆቼም ያመሰግኑሻል።"

"እኔ ያየሁትን ነው ያልኩት፣ ጋሼ።"

"እሱን ነው የምልሽ።"

አንዱን ቲማቲም በካፖርቷ እጅጌ ጠረግ አድርጋ እዚያው ገመጠችው።

ችግኝ ቤቱ አልተዘጋም። ጥፍሬ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ሠራ፤ ጥፍሩን ዳግም አላሳደገም።