የአውራ ጣቴ ጥፍር ዜና ዕረፍት

የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር ለሦስት ቀናት በጥርሴ ሲረዳ ቆይቶ ዛሬ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን የምገልጸው በጥልቅ ሐዘን ነው።

ሕይወቱ ያለፈው ከአራብሳ ወደ ጉርድ ሾላ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ የስታቲስቲክስ ፈተናዬ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት የብሎካችን ባለሱቅ እትዬ ዘይነባ አይተውኝ፣ «ምነው ልጄ፣ ቁርስ አልበላሽም እንዴ?» አሉኝ።

«አማካይ የሚያሳስተው መቼ እንደሆነ አልገባ አለኝ። ዛሬ ከመጣ ወደቅኩ» አልኳቸው።

«ይሄ ነው ጥፍርሽን ያስበላሽ? እኔ በቀን ሠላሳ ዳቦ ነው የምሸጠው። ባለፈው ሰርግ ነበረና አንድ ቀን ሦስት መቶ ሸጥኩ። እሱንም ደምሬ ባካፍልና በዚያ ልክ ባስመጣ፣ በማግስቱ ዳቦው ይደርቅብኛላ!»

ሴሚስተር ሙሉ ያልገባኝ ነገር ሲኤምሲ ሳንደርስ ገባኝ።

ጥያቄውም አልቀረም፣ መጣ። እኔም በዳቦ መለስኩ። መምህሩ ሲያርም እንደሚርበው እገምታለሁ።

እናንተንስ ፈተና ልትገቡ ስትሉ ማን አረጋጋችሁ? እስቲ ጻፉልኝ።

እርማት፦ ባለፈው ሳምንት በዚሁ ገጽ «ፈተና ብሎ ነገር አያስጨንቀኝም» በሚል የወጣው መግለጫ፣ «እማዬ፣ ጸልዪልኝ» ተብሎ እንዲነበብ በትሕትና እንጠይቃለን።