ጆሮ ጠቢው ከነዳቦው

መካነ ሰላም ያሰሩን የአንድ ባላባት የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። አብዮቱ ባላባቱን አባረረ፣ ረሃቡ እህሉን ጨረሰ፣ ለእኛ ባዶው ቤት ደረሰን። ግድግዳው ግን ገና ገብስ ገብስ ይሸታል። ለተራበ ሰው ከዚህ የከፋ ግርፋት የለም። እኔ የአቀስታ አስተማሪ ነበርኩ፤ ጥፋቴ ገበያ መሀል ቆሜ «የእርዳታው እህል የት ገባ?» ማለቴ ነው።

ከቤት የሚላክልንን ምግብ በር ላይ ይፈትሹታል። ወረቀት ተደብቆበት እንዳይሆን ዳቦውን ሁሉ ይፈረካክሱታል። የእኔ ብቻ ሙሉውን ይገባል። ዘበኛው የእናቴ የክርስትና ልጅ ነበር፤ የክርስትና እናቱ የላከችውን ዳቦ መፈርከስ ነውር ሆነበት። እኔም እንደ ሞኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን አንድ የከላላ ገበሬ፣ ወንድሙ ማሻ ከተማ ባሉት አማቶቹ ቤት እንደተሸሸገ በሹክሹክታ ነገረን። በማግስቱ ወንድሙን አስረው አመጡት። ገበሬው በበሩ ስንጥቅ አየው። ከዚያ ዞሮ ያልተፈረከሰውን ዳቦዬን አየ።

«ጆሮ ጠቢ!» አለኝ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳ።

የዳቦውን ምስጢር ብናገር ነጻ እወጣለሁ። ግን እውነተኛው ጆሮ ጠቢ እዚያው መሀላችን ተቀምጧል፤ ከሰማኝ ዘበኛው አለቀለት ማለት ነው። «እኔ አይደለሁም» ብቻ አልኩ። ያላደረጉት ነገር እንዲህ ያሳፍራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቁርኣን ሲያቀሩ የኖሩ አንድ ሼህ ከጥግ ተናገሩ።

«ይህ ስድብ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? እናቱ የሞተችበት ጥጃ የጓደኛውን ጆሮ ይጠባል። በዘንድሮው ድርቅ ያላየ አለ? ወተት አያገኝበትም። ወላሂ፣ ረሃቡ ነው የሚያስጠባው። ጥጃ በዚህ ይገረፋል እንዴ?» ወደ እኔ ዞሩ። «ና ልጄ፣ ዳቦህን አምጣ። አድርገኸውም ከሆነ አብሽር።»

እንደ በደለኛ ማሩኝ። ከስድቡ ይልቅ ምሕረታቸው አሳፈረኝ።

ቢስሚላህ ብለው ቆረሱና ለሁሉም አዳረሱ። ገበሬው እጁን ሳይዘረጋ ቆየ። በመጨረሻ ተቀበለ።

«ለሼሁ ብዬ ነው» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

የዳቦውን ነገር ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

ዛሬ ሰዎች «ጆሮ ጠቢ» የሚለውን ቃል በቀልድ ሲወራወሩት ፊቴ ይግላል። ገበሬውን ከተፈታን በኋላ አላገኘሁትም። ሊሞት ሲል ግን ሰው ላከብኝ፦ «ያን አስተማሪ ይቅር ብዬዋለሁ በሉልኝ» ብሎ። ዘበኛው ያኔም እዚያው እስር ቤት በር ላይ በሥራው ነበር።

መልእክተኛውን «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?