ሁለተኛው ብሎን

የልጅ ልጄ ሩት በሙያዋ ያገኘችው ነገር በጉባኤ ፊት ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ይህን የምጽፈው ያ በደል እንዲታወቅልኝ ነው። ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ የመጨረሻ ዓመታት፣ ደሴ ውስጥ ነው።

ሩት ያኔ ኮምቦልቻ ምሕንድስና ትማር ነበር። የመመረቂያ ሥራዋ የላላ ብሎንን በድምፅ መለየት ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ አስረጂኝ አልኳት።

“በብረቱ ውስጥ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ እልክና ወዲያ ጫፍ እቀበለዋለሁ። ብሎኑ ከጠበቀ የላክሁት ራሱ ይመጣል። ከላላ ግን ብረቶቹ ስለሚጋጩ ያልላክሁት ድምፅ ተጨምሮበት ይመጣል።”

“እንደ ሰኞ ገበያ ወሬ በይኛ!” አልኳት።

“ልክ እንደሱ፣ እማማ” ብላ ሳቀች።

መሞከሪያ ስታጣ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ወሰድኳት። መዘምራን የሚቆሙበት ሰገነት በብሎን የተገጣጠመ ብረት ነው። የገጠመው ወንድም ዳኜ ጎበዝ ብረት ሠራተኛ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን “ልጅቷ ብረት ልታናግር መጣች” እያሉ ተሳሳቁ።

ንድድ አለኝ። “ሳትፈተን አይሳቅባትም” አልኩ። “እሷ ውጭ ትቁም። ወንድም ዳኜ አንድ ብሎን ያላላና ትፈልገው።” ተስማሙ።

ሩት ገብታ አዝራር የሚመስሉ ሁለት ነገሮች በየመጋጠሚያው እየለጠፈች ኮምፒውተሯን ተመለከተች። በመጨረሻ ሁለት ብሎን አሳየች።

“ያላላነው አንድ ነው! ሌላውን ከየት ወለድሽው?” አለ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ። ሳቁ ቤቱን ሞላው። ሩት ግን ደግማ ሞከረችና “ሁለት ነው” አለች።

“እንግዲያው ይፈተሻ!” አልኩ።

ወንድም ዳኜ ሰገነቱ ላይ ወጣ። ሰገነቱ ለበዓል ቀለም ሲቀባ ሁለተኛውም ብሎን አብሮ ስለተቀባ ከብረቱ ጋር አንድ አካል መስሏል። በመዶሻ ሲመታው ድምፁ ደህና ነው። መፍቻ ሲያስገባበት ግን ቀለሙ ተሰነጠቀና በአንድ እጁ ዞረለት። ማንም አልሳቀም። አጥብቆት ወረደ።

እሑድ በአምልኮ ላይ ሰብሳቢው “ወንድም ዳኜ የላላ ብሎን አግኝቶ ልጆቻችንን ከአደጋ ስላተረፈ ጌታ ይባርከው” አለ። የሩት ስም አልተነሣም።

ብድግ አልኩ። “ማን ነው ያገኘው?”

“እማማ፣ ከአምልኮ በኋላ እንነጋገር።”

“ስሕተቱ በማይክ ተነግሮ እርማቱ በጓሮ ነው?”

ሩት ቀሚሴን ጎተተችኝ፤ አልተቀመጥኩም። ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወንድም ዳኜ ከወንበሩ ተነሥቶ ማይኩን ከሰብሳቢው ተቀበለ። ያን ቀን የሰጠኝን መልስ ዛሬም ለሚሰማኝ ሁሉ በኩራት እናገራለሁ፦

“እማማ እውነት አላቸው። እኔ የማውቀው ያላላሁትን ብቻ ነው። ያላወቅነውን ያገኘችው ሩት ናት። ሽማግሌዎቹም እኔም እየሳቅንባት ነው ያገኘችው።”